ክርክር፦ «ሲልክሶንግ» ይቅለልልን ወይስ እንዳለ ይቆይ?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። ግሩፑን ለሁለት የከፈለውን ጉዳይ ዛሬ እዚሁ እናውራው። ለማታውቁት፦ «ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ» ቲም ቼሪ የሚባል ትንሽዬ የአውስትራሊያ ቡድን የሠራው ጌም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ታወጀ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ወጣ። በወጣበት ሰዓት ስቲምን ጨምሮ የጌም መሸጫዎቹ በሰው ብዛት ተጨናንቀው አልከፍት አሉ። ከዚያ ሰው ገብቶ መጫወት ጀመረ፤ ጩኸቱም ተከተለ። «ከበደን!»

ጌሙ ኢዚ (ቀላል) ወይስ ሃርድ (ከባድ) ብሎ አይጠይቅም። ክብደቱ ለሁሉም አንድ ነው። በወጣ በቀናት ውስጥ ሠሪዎቹ ራሳቸው መጀመሪያ አካባቢ የሚገኙትን ሙርዊንግ እና ሲስተር ስፕሊንተር የተባሉ ቦሶች (ዋና ዋና ጠላቶች) በመጠኑ አቀለሏቸው። ያኔ ደግሞ ሌላው ወገን ተቆጣ። ሥራ ውሎ ማታ አንድ ሰዓት ለሚጫወትና ሌሊቱን ሙሉ ለሚፋለም ሰው አንድ ዓይነት ክብደት ማቅረብ ልክ ነው ወይ? ስድብ የለም።

የጨርቆስ ልጅ፦
አይነካ። አቋሜ ይሄ ነው።

«አንድ ምት ሁለት ጭምብል ይወስዳል» የሚለውን ሮሮ ሰማሁት። ጭምብል ማለት ነፍስህ ነው፤ በአምስት ትጀምራለህ። እሺ፣ ብዙ ጠላት ሁለት ይወስዳል። ሌላውን ግማሽ ግን ማንም አያነሳውም። በመጀመሪያው፣ በ2017ቱ «ሆሎው ናይት» አንዴ ስትታከም የሚመለስልህ አንድ ጭምብል ነበር። እዚህ ሦስት ይመለስልሃል፤ ያውም አየር ላይ ሆነህ። ዋጋው ዘጠኝ ክር ነው። ጠላትን አንዴ ስትመታ አንድ ክር ታገኛለህ። ስለዚህ ለመዳን ዘጠኝ ጊዜ መምታት አለብህ። ጌሙ «አትሽሽ፣ ግባና ምታ» እያለህ ነው።

ጉዳቱን ወደ አንድ ጭምብል አወረዱት እንበል። ያኔ አንድ ሕክምና ሦስት ስህተት ይሸፍንልሃል። ማን ይጠነቀቃል? የቦሱን እንቅስቃሴ ማን ያጠናል? ቁጥሮቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ስትነካ ሁሉም ይናጋል። «ሴኪሮ» የሚባለው ከባድ ጌም በ2019 ሲወጣም ኢዚ ይጨመር ተብሎ ተጮኸ። አልጨመሩም። የዚያው ዓመት የጌም አዋርድስ ትልቁን ሽልማት ወሰደ።

የሌሊት ፈረቃ፦
ወንድሜ፣ ስለ ሕክምናው ያልከው እውነት ነው። ሒሳቡን ግን ልጨርስልህ። አምስት ጭምብል አለኝ። ሁለት ሁለት የሚወስድ ጠላት በሦስተኛው ምት ይገድለኛል። ካርታውን ሳስስ ከርሜ አራት የጭምብል ስባሪ ለቀምኩና ስድስተኛዋን ጭምብል አገኘሁ። ደስ አለኝ። ከዚያ ያው ጠላት ጋ ሄድኩ። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት። አሁንም በሦስተኛው ምት ሞትኩ! ያ ሁሉ ልፋት እሱ ፊት ምንም አልለወጠም። ይሄን «ፈተና ነው» ብለህ አታሳምነኝም። ሽልማት ሰጥቶ መልሶ መውሰድ ነው።

እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ ነርስ ነኝ። ከአዳር ሥራ ስገባ ልጆቹ ተነስተው እስኪጮኹ ድረስ አንድ ሰዓት የራሴ ናት። በዚያች ሰዓት ቦስ ቢገድለኝ አልከፋም። እውነቴን ነው፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ ምኑን እንዳላየሁ አስባለሁ፣ እመለሳለሁ። የሚያንገበግበኝ መንገዱ ነው። ላስት ጀጅ የምትባለው ቦስ ጋ የደረሳችሁ ታውቁታላችሁ። ከተቀመጥኩበት ወንበር (ስትሞት የምትመለስበት ቦታ ነው) ተነስቼ፣ ያንን ሁሉ ገደል ዘልዬ፣ በራሪዎቹን አምልጬ ቦሷ ጋ ስደርስ ግማሽ ነፍሴ አልቋል። ሃያ ሰከንድ እፋለማለሁ፣ እሞታለሁ፣ እንደገና ከወንበሩ። ከሰዓቴ አብዛኛውን የወሰደው ሩጫው ነው። ከሩጫው ደግሞ ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ የተማርኩት ነገር የለም።

ሐዋሳ 97፦
መብራት በሄደ ቁጥር ከመጨረሻው ወንበር ነው የምጀምረው። ወንበር ይብዛልን፣ ሌላው ይቅር።

ኮድ ጻፊው፦
ትንንሽ ጌም እየሠራሁ ስለሆነ ከሠሪው ወገን ልናገር። ጌም ስትሠራ «ክብደት» የሚባል አንድ ቁልፍ የለም። ጉዳት አለ፣ የቦሱ ፍጥነት አለ፣ ከሞት በኋላ የምትመለስበት ርቀት አለ፣ ስትሞት የምታጣው ገንዘብ አለ። የጨርቆስ ልጅ የሚከላከልልን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነው፤ እህታችንን ያቃጠላት ሦስተኛው ነው።

ሌሎች እንዴት እንደፈቱት እዩ። «ሴሌስት» በ2018 የወጣ የተራራ መውጣት ጌም ነው፤ ጥርስ የሚያስነክስ። ግን አሲስት ሞድ የሚባል ገጽ አለው። የጌሙን ፍጥነት እስከ ግማሽ ማውረድ ትችላለህ። ጉልበትህ እንዳያልቅ ማድረግ ትችላለህ። «ሄዲስ» ደግሞ ጎድ ሞድ አለው። ስታበራው የሚደርስብህ ጉዳት በ20 በመቶ ይቀንሳል፤ በሞትክ ቁጥር 2 በመቶ እየጨመረልህ እስከ 80 ይደርሳል። በጣም የምወደው ይሄን ነው። ለማን ምን ያህል እንደሚከብድ ሠሪው አይገምትም፤ የተጫዋቹ ሞት ራሱ ይለካዋል። ታሪኩም ገጸ ባሕርያቱም አይጎድሉብህም።

መጥፎ ምሳሌም አለ። «ካፕሄድ» ሲምፕል የሚል ምርጫ ሰጠ፤ በሱ ብቻ ከተጫወትክ ግን የመጨረሻዎቹን ቦሶች አታገኛቸውም። ሙሉ ዋጋ ከፍለህ ደጅ ላይ መቅረት ነው። እንዲህ ዓይነት ኢዚ ባይኖር ይሻላል።

የጨርቆስ ልጅ፦
ኮድ ጻፊው፣ ምርጫ ሲኖር እኔም ላይ ለውጥ ያመጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተስፋ ስቆርጥ ቁልፉ እዚያው አለ። እጫነዋለሁ። ማግስት ቦሱን ማን እንዳሸነፈው አላውቅም፤ እኔ ወይስ ቁልፉ። ይሄ ጌም ሌላ መውጫ ስለሌለው ነው በትዕግሥት የያዘኝ። ሰፈር ፒኤስ (ፕሌይስቴሽን) ቤት ውስጥ አምስት ሆነን አንድ ቦስ ላይ ስንፋለም፣ ማለፉ ያን ያህል የሚያስጮኸን ለሁላችንም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው።

ጋሽ መካኒክ፦
ልጆቼ፣ እኔም እዚህ ግሩፕ አለሁ። ጋራዥ ውስጥ ቀኝ እጄ ላይ አደጋ ደርሶብኝ ሁለት ጣቶቼ እንደ ድሮው አይታጠፉም። ጌም የጀመርኩት እጄን ለማፍታታት ነው፤ አሁን ወድጄዋለሁ። ቦሱ የሚያደርገውን አያለሁ። መቼ መዝለል እንዳለብኝ አውቃለሁ። ጣቴ ነው የሚዘገየው። «ተለማመድ» ትሉኛላችሁ፤ ጅማት ግን በልምምድ አይቀጠልም። «ዘ ላስት ኦቭ አስ ፓርት ቱ» ላይ ከ60 በላይ የማገዣ ምርጫዎች ነበሩ። ቁልፍ ደጋግሞ መጫኑን ትቼ ይዤ እንድቆይ አደረግሁት፤ ጌሙን እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ማንም ሰው ጌሙ ረከሰብኝ ሲል አልሰማሁም።

የጨርቆስ ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎን በተመለከተ ክርክር የለኝም። የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው።

የሌሊት ፈረቃ፦
ቆይ፣ እንዴት ሌላ ይሆናል? ለጋሼ የሚከፈተው ገጽ ለኔም ይታያል። ጌሙ ሐኪም ወረቀት አይጠይቅም። ወይ ለሁላችን ይኖራል፣ ወይ ለማንም አይኖርም። ጋሼ ተጫውተው ካለፉ ያንተ ድል ምኑ ጎደለ? አምስት ሆናችሁ የጮሃችሁት ጩኸት እኮ የናንተው ነው።

ኮድ ጻፊው፦
«ሴኪሮ»ን ያነሳህ ጊዜ ልል የነበረው ይሄ ነው። ያው የ«ሴኪሮ» ሠሪ ፍሮምሶፍትዌር በ2022 «ኤልደን ሪንግ»ን ሲያወጣም ኢዚ የሚል ምርጫ አላስገባም። ግን ቦስ ካስቸገረህ ጥለኸው በሌላ አቅጣጫ ትሄዳለህ፣ ትጠነክራለህ፣ ትመለሳለህ። አጋዥ መንፈስ ትጠራለህ። ሰውም ትጠራለህ። ማቅለያው ጌሙ ውስጥ ገብቷል፤ የፈለገ ይጠቀማል፣ ያልፈለገ ብቻውን ይገባል። «ሴኪሮ» 10 ሚሊዮን ኮፒ ተሸጠ፤ ጥሩ ቁጥር ነው። «ኤልደን ሪንግ» ከ30 ሚሊዮን አለፈ። ሃርድኮሩም፣ ከባድ ጌም ወዳዱ፣ አልሸሸም።

ሲልክሶንግ ላይ ደግሞ በኮምፒውተር የሚጫወቱት ጉዳቱን ወደ አንድ የሚያወርድ ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሠሩት የጌም ማሻሻያ) ወዲያው ሠርተው በነፃ ለቀዋል። ማለትም ምርጫው አለ። የሌለው ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ የጌም ማጫወቻ) ለያዘ ሰው ብቻ ነው። እኔ ብሆን ጉዳቱን ሳልነካ በፍጥነቱ እጀምር ነበር። 90፣ 80፣ 70 በመቶ። ቦሱ ያው ቦስ ነው፣ ምቱም ሁለት ጭምብል ይወስዳል፣ የተያያዙት ቁጥሮች አይናጉም። ለጋሼ ጣት ግን ጊዜ ይሰጣል።

ጋሽ መካኒክ፦
80 ይበቃኛል።

የጨርቆስ ልጅ፦
ፍጥነቱን እቀበላለሁ፤ ጌሙን ሲጀምሩ ሳይሆን ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ለሚፈልገው ይሁን። ሁለቱን ጭምብል ግን አትንኩብኝ። ስድስተኛዋ ጭምብል ዋጋ የላትም ያልሽውም ሁለት ለሚወስዱት ብቻ ነው፤ አንድ የሚወስዱ ጠላቶችም አሉ። ሰባተኛዋን ስትጨምሪ ደግሞ አራተኛ ምት ታገኛለሽ።

የሌሊት ፈረቃ፦
ሰባተኛዋ ለመድረስ ሌላ አራት ስባሪ! ወንድሜ፣ እኔ እኮ በቀን አንድ ሰዓት ነው ያለኝ። እሺ፣ ጭምብሉን ተውኩልህ። ወንበሩን ግን አልተውም። የላስት ጀጅ ወንበር በሯ ላይ ይሁን። የሷን አንድ ምት፣ አንድ እርምጃ አትቀንሱ። እንዲያውም ከፈለጋችሁ አክብዷት። ይሄ ምንህን ይነካል?

የጨርቆስ ልጅ፦
ሩጫው ንዴት ያበርዳል። በር ላይ ሲሆን ሰው ሳያስብ ተመልሶ ይገባል።

የሌሊት ፈረቃ፦
ንዴቴን እኔ አበርዳለሁ። ሰዓቴን መልስልኝ።