በሁዳዴ ሌሊት ፍርሃት ሲመጣ ስግደቱን የት ላድርገው?

አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሌሊት ፍርሃትን በጸሎት ለመቋቋም የያዝኩት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ መዝሙር 90፣ ከዚያ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ከስግደት ጋር። የተቸገርኩት ስግደቱ ላይ ነው። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በጾመ ሰውነት 20ኛው ስግደት ላይ ልብ በኃይል ይመታል፤ ድካም መሆኑን ባውቅም ፍርሃቱ በዚያው ምት ይመለሳል። ስግደት በሌለባቸው ቅዳሜና እሑድ ግን አይመጣም። «ከሌሊት ግርማ» የሚለው የመዝሙር 90 ቃል ደግሞ ቀድሞ ተነቦ አልፏል፣ በጭንቁ ሰዓት የምይዘው አጣለሁ። ዳዊቱን ከስግደቱ በኋላ ላድርገው? ወይስ ስግደቱን ወደ 12 ቀንሼ የቀረውን ቆሜ ልበል? ለንስሐ አባቴ ከማቅረቤ በፊት ሥርዓቱን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።