ተስፋ የቆረጠ በጎ ፈቃደኛ ምን ይሥራ?

ወለላ፦
ሰላም ለእናንተ። የሴት ልጅ ግርዛት እንዲቀር በሚሠራ ማኅበር ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። በየቀበሌው እየዞርን እናወያያለን። አዳራሹ ይሞላል፣ እናቶች «ልክ ነሽ ልጄ» ይሉኛል፣ ይጨበጨባል። ከዚያ ማታ ተደብቀው ያስገርዛሉ። አሁን አዲስ ልጆች ሊቀላቀሉን ነው። አስተባባሪያችን «አንቺ ነባር ነሽ፣ ተስፋ ስጫቸው» አለችኝ። ከየት አምጥቼ? ተስፋ ሳይኖረኝ ዝም ብዬ መሥራት ያዋጣል? የምሬን ነው፣ «አይዞሽ» ብቻ እንዳትሉኝ።

ብሩክ 21፦
ያዋጣል። ሕጉ አለ እኮ! በእኛ አቆጣጠር ከ1997ቱ የወንጀል ሕግ ጀምሮ ግርዛት ያስቀጣል። ጠቁሙ፣ ይታሰሩ፣ አለቀ። ተስፋ ምናምን ለሰባኪ ተዉት።

የዱራሜ ልጅ፦
ብሩክ፣ ታዲያ ማታ ተደብቀው የሚገርዙት ለምን መሰለህ?

ወለላ፣ እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ፤ ግርዛትን ለማስቀረት የታገለችውን የቦጋለች ገብሬን ታሪክ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ከአሜሪካ ተመልሳ ስትመጣ መጀመሪያ ያሠራችው ምን መሰለሽ? ድልድይ! ስለ ኤችአይቪ ልታስተምር ብትነሳ ሰዉን የጨነቀው ሌላ ነበር። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ወደ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ አልነበረም። እሱ ሲሠራ ነው ሌላውንም ወሬዋን የሚሰማት ያገኘችው። ሰው «ይቻላል» ስላልሽው አያምንሽም። አንድ ነገር ሲሆን ማየት አለበት።

ደግሞ አትቀየሚኝና፣ ያንቺ ተስፋ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ቁም ነገሩ የእናትየው ነው። እናት ልጇን የምታስገርዘው ጨክና አይደለም፤ «ያልተገረዘች ማን ያገባታል?» ብላ ነው። ሕመሙንማ በገላዋ አልፋበታለች፣ ካንቺ በላይ ታውቀዋለች። ለዚህ ፍርሃት ፖስተር ምን ያደርግላታል?

እኛ ጋ እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ልጅ በአደባባይ ተዳረች። ወደ 2000 ሰው ታደመ። ሙሽሪት እንዳልተገረዘች፣ ሙሽራው ደግሞ እሷን በማግባቱ ደስ እንዳለው የሚናገር ጽሑፍ ለብሰው ነበር። በቃ፣ «ማን ያገባታል?» የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። (ብሩክ፣ ይሄ ያንተ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ነው።)

ወለላ፦
አልተቀየምኩም። ግን እኛ ጋ እንዲህ የሚል ሙሽራ ከየት ይምጣ? ወንዶቹ ውይይት ላይ ዝር አይሉም። አዳራሹ የእናቶች ብቻ ነው።

የዱራሜ ልጅ፦
እንግዲያውስ እናቶቹን ለጊዜው ተዋቸው። እነሱማ አምነውሻል። የጎረምሶቹን አፍ ነው የሚጠብቁት። ሁለት ሦስት ወጣት «እኔ ያልተገረዘች አገባለሁ» ብሎ በሰው ፊት ይናገር፣ እናቶቹም ይስሙ። አዲሶቹን ልጆች ደግሞ ተስፋ ከምትሰጫቸው ይሄንን ሥራ ስጫቸው።

ብሩክ 21፦
እሺ፣ በዚህ ተረታሁ። ግን አዳራሽ አትጥሯቸው፣ አይመጡም። እሑድ ኳስ ሲያልቅ እዚያው ሜዳ ላይ ያዟቸው።