ቤሪያ ወይስ ሜሪላንድ? ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር አመልክቼ ሁለት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተቀብለውኛል። ውሳኔዬን እስከ ሜይ 1 ማሳወቅ አለብኝ፤ ጭንቅ ውስጥ ነኝ።

አንደኛው ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ነው። በፈረንጆቹ ከ1892 ጀምሮ ተማሪን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። በምትኩ ሁሉም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። ተማሪዎቹ 1,500 ገደማ ናቸው፤ ከተማዋም ትንሽ ናት።

ሁለተኛው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። አጎቴ ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ በሆነችው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሚኖር ኪራይ አያሳስበኝም። ዋሽንግተንም ቅርብ ነው። ክፍያው ግን ለእኛ ቤት ከባድ ነው። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የሚማር ሰው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ አያገኝም። ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢ ውስጥ መሥራት የሚቻለውም በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ ለማመልከት ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ቅጽ) ለማግኘት ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ማሳየት አለብን። አባቴ "ቤቱን እሸጣለሁ" ብሏል። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ታናናሾቼም ገና ተማሪዎች ናቸው።

ልቤ ወደ ቤሪያ ያደላል። የምፈራው ከምርቃት በኋላ ያለውን ነው። በኦፒቲ (የውጭ አገር ተማሪ በሙያው ለተወሰነ ጊዜ እንዲሠራ በሚሰጠው ፈቃድ) ሥራ ስፈልግ የኮሌጁ ትንሽነት ይጎዳኛል? ከትንሽ ኮሌጅ ተመርቃችሁ በዚሁ ሙያ የተቀጠራችሁ ካላችሁ፣ የመጀመሪያ ሥራችሁን እንዴት እንዳገኛችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።