ከባቲ ገበያ እስከ ቄራ፦ የበሬው ቁጥር የሚጠፋው የት ላይ ነው?

የሐይቅ ድለባ፦
አማን ናችሁ? በተሁለደሬ በኩል የበሬ ድለባ ማኅበር ነን። በአንድ ዙር 60 በሬ እናስገባለን፤ ግማሹ ከአካባቢው ገበሬ፣ ግማሹ ሰኞ ሰኞ ከባቲ ይገዛል። ሦስት ወር ያህል ቀልበን እናስወጣለን። አሁን ልንሸጥለት ያሰብነው የኤክስፖርት ቄራ የእያንዳንዱን በሬ መነሻ፣ ክትባትና የተወጋውን መድኃኒት ከጆሮ ቁጥሩ ጋር አምጡ ይላል። ቺፕ ያለው ታግ (ጆሮ ላይ የሚመታው የቁጥር መለያ) ይሻላል ወይስ ተራው ፕላስቲክ ይበቃል? በአካባቢያችን የሚመታው ታግ ብዙ ጊዜ ይወድቃል፣ ካልሆነም ጆሮው ይመግላል። የባቲውን በሬ መነሻስ ምን ብለን እንጻፍ? ደላላው «ከቆላ ነው» ከማለት አያልፍም።

ሐኪም ከኮምቦልቻ፦
ታግ ከመግዛታችሁ በፊት ቄራውን «ቺፕ ማንበቢያ አላችሁ ወይ?» በሉት። ከሌላቸው ቺፑ ለጌጥ ነው፤ ለ60 በሬ በዓይን የሚነበብ ፕላስቲክ ታግና በደንብ የተያዘ መዝገብ ይበቃል። ካላቸው በአይኤስኦ 11784 እና 11785 (በዓለም አቀፉ የእንስሳት ቺፕ መስፈርት) የተሠራ፣ በ134.2 ኪሎኸርዝ የሚነበብ ይሁን። ከዚህ ሞገድ ውጭ የሆነውን የእነሱ ማንበቢያ አያየውም። ቁጥሩ 15 አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአገር መለያ ከሆኑ የእኛ 231 ነው፤ በ9 የሚጀምር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአምራቹ መለያ ነው። ቁጥሩ በታጉ ፊት ላይም ታትሞ ይምጣ፤ ቺፑ ቢሞት በዓይን ይነበባል።

የሚወድቀውና የሚመግለው በአመታቱ ነው። ጆሮውን ከሥሩ እስከ ጫፉ በሦስት ክፈሉት፤ ቦታው መካከለኛው ክፍል ነው፣ በሁለቱ የልም አጥንት ሸንተረሮች መሃል። ወደ ጫፉ ከቀረበ ግራርና አጥር ይዞ ይቀድደዋል። ሸንተረሩን ወይም የደም ሥሩን ከወጋ ይደማል፣ ያብጣል። ሹሉ ወንዴ ክፍል ከጆሮው ጀርባ ይገባል፣ ሴቴው በውስጥ በኩል ይቀበለዋል። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካልተሰማ አልቆለፈም ማለት ነው። ፒንሳው ከታጉ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ የሌላ አምራች ፒንሳ ሹሉን ያጣምመዋል። በየበሬው መሃል ሹሉንና ፒንሳውን በአልኮል ወይም በአዮዲን አጽዱ። ዝንብ በሚበዛበት በክረምት ባትመቱ ይመረጣል፤ ግድ ከሆነ ቁስሉ ላይ ዝንብ የሚከለክል ስፕሬይ ይነፋበት። ከ10 ቀን በኋላ ታጉን በጣት አዙሩት፦ በነጻነት ካልዞረ ጠብቋል ወይም መግል አለ።

በሬው በገመድ ተጥሎ ሳይሆን አንገቱ በክራሽ (በሬውን አቁሞ በሚይዝ መቆሚያ) ተይዞ ይመታ። ጭንቅላቱን ባወዛወዘ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል።

መዝገብ ያዥ፦
ሐኪሙ ስለ ታጉ ያለው ልክ ነው፤ ግን ታግ ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚናገረው መዝገቡ ነው።

የባቲውን መነሻ አትፍጠሩ። «ባቲ ገበያ» ብላችሁ ቀኑን፣ የሻጩን ስምና የመዘዋወሪያ ፈቃዱን ቁጥር ጻፉ፤ ሻጩ ያመጣበትን ወረዳ ካወቀ ጨምሩበት፣ ካላወቀ «አይታወቅም» ይባል። የሐሰት ቀበሌ ከባዶ መስመር ይብሳል፤ በሽታ ሲገኝ አጣሪው ንጹሑ ቀበሌ ላይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው የእንስሳና የሰው በሽታ ሳዑዲና የመን ሲገባ ሳዑዲ በሩን የዘጋችው በመላው የአፍሪካ ቀንድ ላይ ነው። መነሻው የማይታወቅ እንስሳ ሁሉም እንደ አንድ ይቆጠራል።

ታጉን መኪና ላይ ሳይወጣ ምቱ። ካልተቻለ ጀርባው ላይ በቀለም ተራ ቁጥር ጻፉና በነጋታው ምቱ። የባቲውን ቢያንስ 21 ቀን ከገበሬው በሬ ለይታችሁ አቆዩት፣ የውሃ ገንዳውም ይለይ። አፈ ማዝ በ14 ቀን ውስጥ ራሱን ያሳያል፤ ተላላፊው የከብት ሳንባ በሽታ ግን ወራት ሊደበቅ ይችላል፣ ስለዚህ 21 ቀኑ ሙሉ ዋስትና አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን አንድ ላይ ከተቀላቀሉ አንዱ ሲታመም ተጠያቂው 60ዎቹም ናቸው።

መድኃኒት ላይ ቀን፣ ስም፣ መጠን፣ የወጋው ሰው፣ ከዚያም «ከዚህ ቀን በፊት አይታረድ» የሚል አምድ ይኑር። ረጅም ጊዜ የሚሠራው ኦክሲቴትራሳይክሊን (አንቲባዮቲክ) በብዙ ጠርሙሶች ላይ 28 ቀን ይላል፤ አይቨርሜክቲን (የትልና የመዥገር መድኃኒት) ከዚያ ይረዝማል። የምትከተሉት የእጃችሁን ጠርሙስ ነው።

የሞተው፣ የተሰረቀው፣ ለአረፋ ወይም ለፋሲካ የታረደው ሁሉ ይመዝገብ፤ አለዚያ በወረቀት ላይ የሚኖር በሬ ይቀራችኋል፣ ታጉም ለሌላ በሬ ይሸጣል። ታግ ሲወድቅ አዲስ ቁጥር ስጡና «የቀድሞው ይህ ነበር» ብላችሁ አያይዙት፤ አሮጌውን ቁጥር ደግማችሁ አትጠቀሙ።

ኤክሴል የምትጠቀሙ ከሆነ አምዱን አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉት። አለዚያ 15ቱን አኃዝ 2.31ኢ+14 አድርጎ ያሳጥረዋል፤ በሲኤስቪ (በተራ የጽሑፍ ፋይል) ከተቀመጠ ደግሞ የመጨረሻዎቹ አኃዞች አይመለሱም። ብዙ ሰው ቺፑን የሚወቅሰው በዚህ ነው።

የቄራው ሰው፦
በመንገድና በቄራ ያለውን ልጨምር። ወደ ሞጆና ቢሾፍቱ የሚወርድ መኪና ኮምቦልቻ ወይም ከሚሴ ላይ የሌላ ነጋዴ በሬ ይጨምራል። ሲጫን ቁጥሩ እየተነበበ ዝርዝር ይውጣ፣ ሲራገፍም እንደገና ይነበብ። ሁለቱ ዝርዝሮች ካልገጠሙ የተጨመረው በሬ ለብቻው በረት ይገባል።

ቄራ ውስጥ ግን ትልቁ ክፍተት ጭንቅላት ሲቆረጥ ነው። ታጉ ያለው ጆሮ ላይ ነው፤ ጭንቅላቱ ከሄደ ሥጋው ስም የለውም። ስለዚህ ደም በሚፈስበት ቦታ ታጉ ተነብቦ የእርድ ተራ ቁጥር ይሰጣል፣ ያው ቁጥር በሥጋው ሁለት ጎን፣ በጭንቅላቱና በሆድ ዕቃው ላይ ይለጠፋል። መርማሪው በመንጋጋ ጡንቻ፣ በምላስና በልብ የኮሶ እጭ፣ በጉበት ደግሞ የጉበት ትል ሲያገኝ የየትኛው በሬ እንደሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው። ከብረት ክራሽ አጠገብ ወይም ሁለት በሬ ተጠጋግተው ሲቆሙ ማንበቢያው ይዘጋል፤ አንድ በአንድ አሳልፉ።

የምርመራውን ውጤት በጆሮ ቁጥር ለይታችሁ ጠይቁ። ጉበቱ የተጣለው በአብዛኛው በሐይቁ ዳር ረግረግ የጋጠው ከሆነ፣ የትል መድኃኒቱን ለማን እንደምትሰጡ ወረቀቱ ይነግራችኋል።

አንድ ልመና አለኝ፦ በጋለ ብረት አትተኩሱ። ጎኑና ጭኑ ላይ ያረፈው ጠባሳ የቆዳውን ዋጋ ይጥላል።

የሐይቅ ድለባ፦
አላህ ይስጥልን። ቄራው ላይ ማንበቢያ አለ ብለውናል። በጉስ? የእኛ አገር በግ አንዳንዱ ጆሮው እንደ ጣት አጭር ነው።

ሐኪም ከኮምቦልቻ፦
ጆሮው የማይበቃውን አትምቱ፣ ይቀደዳል። እንዲህ ላለው የቁጥር ገመድ አንገቱ ላይ ይደረግ፤ ሲያድግ እንዳያንቀው ሁለት ጣት የሚያስገባ ልቅነት ይኑረው፣ በየሁለት ሳምንቱም ይታይ። ጆሮ ላለው ትንሿ ክብ ታግ ትሁን፤ የከብቱ ሰፊ ታግ ለበግ ይከብዳል። በግ በብዛት ስለሚሄድ ቄራው የቡድን ቁጥር ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ፦ ከአንድ ቦታ በአንድ ቀን ተገዝቶ ከሌላ ያልተቀላቀለ መንጋ አንድ ቁጥር ይይዛል። መሃል ላይ አንዲት የሌላ በግ ከገባች ግን ቡድኑ ፈርሷል፣ አዲስ ቁጥር ይከፈትለታል።