አሳድጎ መሸጥ ትንሽን ክለብ ያኖራል ወይስ ያደኸያል?

አስተባባሪ፦
የዛሬው መከራከሪያችን ከአንድ ክለብ ይነሣል። የምዕራብ ለንደኑ ብሬንትፎርድ በ2025 ክረምት አሰልጣኙን ቶማስ ፍራንክን ቶተንሃም፣ አምበሉን ክርስቲያን ኖርጋርድን አርሰናል፣ በተጠናቀቀው የውድድር ዘመን በሊጉ 20 ግብ ያስቆጠረለትን ብራያን ምቤሞን ማንቸስተር ዩናይትድ፣ 19 ያስቆጠረለትን ዮአን ዊሳን ደግሞ ኒውካስል ወስደውበታል። ክለቡ ለዓመታት የኖረው እንዲህ ተጫዋች አጎልብቶ በመሸጥ ነው። ይህ አካሄድ ትንሽን ክለብ የሚያኖር ነው ወይስ ውሎ አድሮ የሚያወርደው? የእኛዎቹ ክለቦችስ ከዚህ የሚወስዱት ነገር አለ? ዓመተ ምሕረቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንያዝ።

ከለንደን የምጽፍ፦
አካሄዱን እደግፋለሁ፤ የምደግፈውም በዓይኔ ካየሁት ተነሥቼ ነው። ከቀድሞው የብሬንትፎርድ ሜዳ ከግሪፊን ፓርክ ጥቂት መንገዶችን አለፍ ብሎ በሚገኝ ቤት ለብዙ ዓመታት ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ሜዳው በመኖሪያ ቤቶች መካከል የተሸጎጠ፣ በአራቱም ማዕዘን መጠጥ ቤት ያለው፣ ከውጭ ሲያዩት ያን ያህል ታሪክ ያለው የማይመስል ነበር። ኦገስት 4 ቀን 2020 ክለቡ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለመግባት አንድ ጨዋታ ብቻ ሲቀረው በፉልሃም 2 ለ 1 ተሸነፈ። ጨዋታው በወረርሽኙ ምክንያት ያለ ተመልካች ስለተካሄደ ደጋፊው ሁሉ በየቤቱ ተቀምጦ ነበርና የሰፈሩ መንገድ ጭር ብሎ አመሸ። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት በማግስቱ በመስኮታቸው ላይ የሰቀሉትን ቀይና ነጭ ባንዲራ አወረዱ። ወር አለፍ እንዳለ በዚያ የውድድር ዘመን 26 ግብ ያስቆጠረው ኦሊ ዋትኪንስ በ28 ሚሊዮን ፓውንድ መነሻ ዋጋ ለአስቶን ቪላ፣ ትንሽ ቆይቶም ሰኢድ ቤንራህማ ለዌስትሃም ሲሸጡ፣ እኒያ አዛውንት «እንግዲህ እኔ በሕይወት እያለሁ አያልፉም» አሉኝ።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ዋትኪንስ ከመሸጡ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ አይቫን ቶኒ ከፒተርቦሮ ተገዝቶ መግባቱን ነው። ቶኒ በዚያው ዓመት በመደበኛው ውድድር 31 ግብ አስቆጠረ፤ ክለቡም በሜይ 2021 ስዋንሲን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ74 ዓመት በኋላ ወደ ላይኛው ሊግ ተመለሰ። ባንዲራውም ተመልሶ ተሰቀለ። ቶኒ ራሱ በ2024 ክረምት መጨረሻ ወደ ሳዑዲው አል አህሊ ሲሄድም ተተኪ የታሰበው ኢጎር ቲያጎ ከክለብ ብሩጅ ለመምጣት የተስማማው ከወራት በፊት ነበር። በ2025ም ከፍራንክ ቀጥሎ ቡድኑን የተረከበው ኪት አንድሪውስ እዚያው ክለብ ውስጥ የቆሙ ኳሶች አሰልጣኝ የነበረ ሰው ነው። አዲሱ ሜዳቸው 17,250 ተመልካች ብቻ ይይዛል። በዚህ መጠን የሚኖር ክለብ ከአርሰናልና ከዩናይትድ ጋር በደመወዝ ሊፎካከር አይችልም፤ ስለዚህ የቀረበለት ምርጫ ተጫዋቹን በጊዜው በጥሩ ዋጋ መሸጥ ወይም ውሉ አልቆ በነጻ ሲሄድ ማየት ነው። ምቤሞ በ2019 ከፈረንሳዩ ክለብ ትሯ ሲመጣ ዋጋው 6 ሚሊዮን ፓውንድ እንኳ አልሞላም ነበር፤ ሲሄድ ግን 65 ሚሊዮን ተከፍሎበታል፣ ጭማሪውን ሳንቆጥር።

የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ፦
ወንድሜ፣ የተሳካለትን አንድ ክለብ ብቻ ይዘህ መጣህ። ሳውዝሃምፕተንን አስታውስ እንጂ። በ2014 አዳም ላላናን፣ ዴያን ሎቭረንንና ሪኪ ላምበርትን ለሊቨርፑል፣ ሉክ ሾውን ለማንቸስተር ዩናይትድ፣ ካለም ቻምበርስን ለአርሰናል ሸጠ፤ አሰልጣኙ ፖቼቲኖም ወደ ቶተንሃም ሄደ። በተከታዩ ዓመት 7ኛ፣ ከዚያም 6ኛ ሲወጣ ዓለም ሁሉ አጨበጨበለት። ሳዲዮ ማኔን በ2016፣ ቨርጂል ቫን ዳይክን በ2018 መጀመሪያ በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥም «ሞዴል ክለብ» መባሉ አልቀረም ነበር። ቫን ዳይክ በሄደበት በዚያው ዓመት ግን 17ኛ ሆኖ ለጥቂት ተረፈ፤ በ2023 ወረደ፤ ተመልሶ መጥቶም በ2025 በ12 ነጥብ ብቻ፣ ገና 7 ጨዋታ እየቀረው ወረደ። በየዓመቱ ምሰሶ እየነቀሉ ቤቱ ቆሞ እንዲኖር መጠበቅ ልክ አይደለም።

እኔ ይህን ስል ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አቡበከር ናስር በ2020/21 የውድድር ዘመን በቡናማና ቢጫው ማልያ 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን የአንድ የውድድር ዘመን ክብረ ወሰን ሲሰብር እያንዳንዷን ግብ ቆጥሬአለሁ። በ2022 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ ለልጁ ደስ አለኝ፤ ይገባዋል። በእርሱ ቦታ ግን ያን ያህል ግብ የሚያስቆጥር ሰው አላየንም፤ ቡና ደግሞ ከ2011 ወዲህ የሊጉን ዋንጫ አላነሣም። ደጋፊ ማልያ የሚገዛው፣ ዝናብ ላይ ቆሞ የሚዘምረው የዝውውር ሂሳብ ሲደመር ለመስማት አይደለም።

የፋይናንስ ባለሙያ፦
ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለሚሸጥ ተጫዋች ነው። እኔ በአንድ የከተማ አስተዳደር ፋይናንስ ክፍል የምሠራ ሴት ነኝ፤ ስሙን የማልጠራውን አንድ ክለብ ሰነድ የመመርመር ዕድል ገጥሞኝ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከ25 ተጫዋቾች ውስጥ አብዛኞቹ የአንድ ዓመት ውል የነበራቸው ናቸው። ውሉ በውድድሩ መጨረሻ ያልቃል፤ ክረምት ሲገባ ተጫዋቹ ነጻ ሆኖ የተሻለ ወደ ከፈለው ይሄዳል፤ ክለቡም ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ጠይቆ ሌሎች 15 ሰዎችን ያስፈርማል። በገቢ በኩል «የተጫዋች ሽያጭ» የሚል መደብ ጨርሶ አልነበረም፤ እንዴት ይኖራል? ውል የሌለውን ሰው ማን ከማን ይገዛል? የወጪው መደብ ግን በየዓመቱ ያብጣል፤ የሚከፈለውም የትምህርት ቤት ወንበርና የውሃ መሥመር ከሚጠብቅ ሕዝብ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ በእኛ አገር ጥያቄው እንሽጥ ወይስ አንሽጥ ከሚለው በፊት ይጀምራል። አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት የሚተዳደሩ ናቸውና ተጫዋች በነጻ ቢሄድባቸው የሚጠይቃቸው የለም። ብሬንትፎርድ ቢሳሳት የሚከስረው ዋና ባለቤቱ ማቲው ቤንሃም ነው፤ የእኛ ክለብ ቢሳሳት ተጨማሪ በጀት ይጠየቃል። እህታችሁ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ የምትለምነው ቢያንስ ከ20 ዓመት በታች ያሉት ልጆች የሦስት ዓመት ውል እንዲኖራቸው፣ ክለቡም በየዓመቱ ስንት ተጫዋች በነጻ እንደለቀቀ ለምክር ቤቱ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ነው።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፣ ከሐዋሳ፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁንም በጥሞና አነበብኋችሁ። አንድ ነገር ሳይለይ ክርክሩ እየሄደ ነው። ብሬንትፎርድ አሳድጎ ሸጠ ሲባል እሰማለሁ፤ ነገር ግን ብሬንትፎርድ በ2016 አካዳሚውን የዘጋ ክለብ ነው። የዘጋውም ያሳደጋቸውን የ16 ዓመት ልጆች ሁለቱ የማንቸስተር ክለቦች በጥቂት ካሳ ስለወሰዱበት፣ ድካሙ ለሌላ ሆኖ ስለቀረ ነው። በምትኩ ሌላው ልብ ያላለውን ወጣት በመረጃ ለይቶ እየገዛ፣ በተስፋ ቡድኑ እያበሰለ ሸጠ። አካዳሚውን እንደገና ያቋቋመው ፕሪሚየር ሊግ ከገባ በኋላ በ2022 ነው። ዋትኪንስን ያሳደገው ማን ነው? ኤግዚተር ሲቲ ነው፤ በደጋፊዎቹ ማኅበር የሚተዳደር፣ ያን ጊዜ በእንግሊዝ አራተኛ እርከን የነበረ ክለብ። ኤግዚተር ልጁን በ2017 ለብሬንትፎርድ ሲሸጥ ከቀጣዩ ሽያጭ ድርሻ እንዲደርሰው በውሉ አስገብቶ ነበርና ልጁ ቪላ ሲገባ ሚሊዮኖች ፓውንድ አገኘ። ለእኛ የሚቀርበን እርሱ ነው። ለቡና ደጋፊም ልብ የሚሞላ ይመስለኛል፤ ደጋፊው ራሱ ባለቤት ሆኖ ራሱ ሸጦ ራሱ የኖረበት ነውና።

አሁን የራሴን ልናገር። ዓመታት ያሳለፍሁት ሣር በሌለው፣ በጋ ላይ አቧራው ኳሱን በሚሸፍንበት ሜዳ ላይ ነው። ከታዳጊዎች ማሠልጠኛ ፕሮጀክቴ የወጣ አንድ አማካይ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ እጄ ላይ ነበር፤ ታኬታ ስላልነበረው የታላቁን ወንድሙን ጫማ ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፎ ይጫወት ነበር። በ18 ዓመቱ አንድ ትልቅ ክለብ ወሰደው። ለእኛ የተሰጠን አራት ኳስና ለአንድ ጉዞ የሚበቃ የትራንስፖርት ገንዘብ ነው። ያለ ቴሴራ (የተጫዋች መመዝገቢያ መታወቂያ)፣ ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ማኅተም ነው የሄደው። ልጁ ነገ ከአገር ቢወጣ ስድስት ዓመት እንዳሳደግሁት የሚመሰክርልኝ ወረቀት የለም።

የፊፋ ደንብ ግን ለዚህ መልስ አለው። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። አንድ ክለብ ልጁን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ 18ኛውን ዓመት እስኪጨርስ ቢይዘው 2.5 በመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ በ1 ሚሊዮን ዶላር ዝውውር 25 ሺህ ዶላር። ይህ ገንዘብ ለእኔ ፕሮጀክት የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ደግሞ ክፍያው በፊፋ የክፍያ ማጣሪያ ማዕከል በኩል የሚያልፍ ሲሆን፣ ማዕከሉ የሚያየው በፌዴሬሽኑ የተመዘገበውን የተጫዋቹን የኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት፣ ማለትም በየትኛው ዕድሜው በየትኛው ክለብ እንደነበረ የሚያሳየውን መዝገብ ነው። ያልተመዘገበ ዓመት እንዳልነበረ ይቆጠራል። ዕድሜው የተቀነሰ ልጅማ ጭራሹን የራሱን አሳዳጊ ያሳጣል፤ በ15 ዓመቱ «12 ነው» ብለው ሲያስመዘግቡት እውነተኞቹ ሦስት ዓመታት ከወረቀት ይጠፋሉ።

ከለንደን የምጽፍ፦
አሰልጣኝ፣ እርምትዎን ተቀብያለሁ፤ አሳደገ ከሚባል አጎለበተ ቢባል ይሻል ነበር። ስለ ሳውዝሃምፕተን ግን አንድ ነገር ልጨምር። የወረደው ስለሸጠ ብቻ አይመስለኝም። ምልመላውን ይመራ የነበረው ፖል ሚቸል በ2014 ፖቼቲኖን ተከትሎ ቶተንሃም ሄደ፤ ሥርዓቱን የዘረጋው ሌስ ሪድም በ2018 መጨረሻ ተሰናበተ። ተጫዋቹን ብቻ ሳይሆን ተጫዋች መምረጫውንም ዓይን አጣ። ብሬንትፎርድን በስፖርት ዳይሬክተርነት ከመሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ራስሙስ አንከርሰን በ2021 መጨረሻ ለቅቆ በ2022 መጀመሪያ ከአዲሶቹ ባለቤቶች ጋር ወደዚያው ሳውዝሃምፕተን ገባ፤ ክለቡ ግን በቀጣዩ ዓመት ወረደ። ሌላኛው ፊል ጋይልስ ብሬንትፎርድ ቀረ፤ ብሬንትፎርድም ጸንቶ ቆመ። አንድ ሰው ወስዶ ሌላ ቦታ መትከል እንደማይበቃ፣ ዓመታት የወሰደ አሠራር ክለቡ ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ፦
ይህን ነጥብ እቀበላለሁ። ኤግዚተርንም ከዚህ በፊት በዚህ ዓይን አላየሁትም ነበር። እንግዲያው ተቃውሞዬን ላስተካክል፦ ተተኪው ቡድኑ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ወራት ሳይጫወት ዋናው ተጫዋች አይሸጥ፤ ከሽያጩ የተገኘውም ገንዘብ በታዳጊዎች ላይ እንደዋለ ለደጋፊው በግልጽ ይነገር። ይህ ከተደረገ ልጃችን ሲሄድ አጨብጭቤ እሸኛለሁ። ካልተደረገ ግን አሁንም እቃወማለሁ።

የፋይናንስ ባለሙያ፦
አሰልጣኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በእርስዎ እጅ ያለፉት ልጆች ስም፣ የትውልድ ቀንና የገቡበት ጊዜ የተጻፈበት ነገር አለ?

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፣ ከሐዋሳ፦
አለ፣ ልጄ። ቴሴራ ባይኖርም ደብተር አለ። ዘጠኝ ባለ 50 ሉክ ደብተር ሞልቻለሁ፤ ማን በየትኛው ወር እንደገባ፣ በየትኛው ወር እንደወጣ፣ ማን እንደወሰደው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዝናብ ነክቷቸው ቀለሙ ደብዝዟል፤ የተቀሩት ይነበባሉ።

የፋይናንስ ባለሙያ፦
እንግዲያው ከደበዘዙት ይጀመር። ዕድሜያቸው ገና 23 ያልሞላቸውን ልጆች ስም በዝርዝር አውጥተው በማኅተም ለክልሉ ፌዴሬሽን ያስገቡልን፤ የማመልከቻውን ረቂቅ እኔ እስከ ዓርብ አዘጋጅቼ እልክልዎታለሁ።