የብረት አዮን ኤሌክትሮኖቹን ከየት ነው የሚያጣው?

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር፣ አዘዞ ነው የምጽፈው። የ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው፤ ኬሚስትሪ ላይ አንድ ቦታ ይዞኛልና የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ቆጠራው ራሱ አይከብደኝም። ሶዲየም 11 ፕሮቶን አለው፤ አንድ ኤሌክትሮን ሲሰጥ 10 ይቀሩታል፣ ፕሮቶኑ ግን ያው 11 ነው። አሉሚኒየምም ከ13ቱ ሦስቱን ሰጥቶ በ10 ይቀራል።

ብረት ላይ ስደርስ ነው የምቆመው። 26 ፕሮቶን፣ 26 ኤሌክትሮን። ኦርቢታል የሚባሉትን የኤሌክትሮን ቦታዎች ስንሞላ፣ ከመጀመሪያዎቹ 18 በኋላ 4ኤስ በሚባለው ውስጥ 2 እናስገባለን፣ ከዚያ 3ዲ በሚባለው ውስጥ 6። ሁለት ኤሌክትሮን አጥቶ ፕላስ 2 አዮን ሲሆን 24 ኤሌክትሮን ይቀሩታል፤ ይሄም ግልጽ ነው። ግን የወጡት ሁለቱ የ4ኤስ ናቸው፣ የ3ዲ ስድስቱ አልተነኩም! ፕላስ 3 ሲሆን ብቻ ነው ከ3ዲ አንድ ተነስቶ 5 የሚቀረው።

መምህራችንን ስጠይቀው «4ኤስ ውጭ ስለሆነ ቀድሞ ይወጣል» አለኝ። እሺ፣ ውጭ ከሆነ ታዲያ ለምን ቀድሞ ተሞላ? መሸምደድ እችላለሁ፤ የምፈልገው ግን ምክንያቱን ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሲገቡና ሲወጡ የኦርቢታሎቹ ጉልበት ይቀያየራል ማለት ነው? 29 ፕሮቶን ያለው መዳብ ላይም በዚሁ መንገድ ይሠራል? በብረት ምሳሌ ደረጃ በደረጃ የሚያሳየኝ ባገኝ ትልቅ ውለታ ነው።