ሻጩ የተቀበለው የአራት ወር ኪራይ የማን ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ። ጀሞ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ገዛሁ። ሐሳቤ አከራይቼ የባንክ ብድሬን ልከፍልበት ነበር። የገዛሁት ከነተከራይዋ ነው፤ የተረከብኩት ደግሞ ህዳር 1።

ኪራይ ልጠይቅ ሄጄ በሩን ሳንኳኳ ተከራይዋ ስልኳን አውጥታ የባንክ ደረሰኝ አሳየችኝ። ከመስከረም እስከ የካቲት፣ የስድስት ወር 108,000 ብር ለሻጩ አስገብታለች። ቡና ሁሉ አፍልታ ጋበዘችኝ። እሷ ምን አጠፋች?

ለሻጩ ስደውል፣ "ቤቱ የእኔ በነበረ ጊዜ የተቀበልኩት ነው" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። በእኔ ስሌት ግን ከህዳር ወዲህ ያለው 72,000 ብር የእኔ ነው። የሽያጭ ውላችን ላይ ስለ ቅድሚያ ኪራይ አንድም መስመር የለም (እዚህ ላይ ተሞኝቻለሁ)። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ደግሞ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል።

የስም ዝውውሩ ሲያልቅ ለሻጩ የምሰጠው ቀሪ 100,000 ብር አለብኝ። ከዚያ ላይ 72,000ውን ቀንሼ ብይዝ ጥፋተኛ እሆናለሁ? ወይስ መጀመሪያ በጽሑፍ ልጠይቀው? እንዲህ ያጋጠመው ካለ እንዴት እንደጨረሰው ይንገረኝ።